ቅጥራኑን ልፋቅ ብዬ

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው ወደ ኋላ ላይ «ታዲያ መኪና ሥር ግባ ያለህ ማን ነው?» ብላችሁ እንዳትደክሙ ነው። ግባ ያለኝ ሰው የለም። እንዲያውም አንድ ሰው በየቀኑ «ተው» ይለኝ ነበር።

ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ፣ ከእህል ተራው ጀርባ፣ ሁለት ሰው የማታስቀምጥ ሱቅ አለችኝ። የማውቃት መኪና የልብስ ስፌት መኪናዬ ብቻ ናት። እሷም ስትበላሽ ዘይት ጠብ አደርግላትና አማትቤ እነሣለሁ። አንዳንዴ ትሠራለች።

ወንድሜ ግን የመኪና ሰው ነበር። አድማሱ ይባላል፤ እኔ ወንድም ጋሼ ነው የምለው። አሥራ ሦስት ዓመት ይበልጠኛል። በረሃቡ ዘመን እናትና አባታችን መንገድ ላይ ሲቀሩ፣ እኔን በጀርባው አዝሎ ሱዳን ያገባኝ እሱ ነው። እዚህ ከደረስን በኋላ መጀመሪያ የጭነት መኪና አጣቢ፣ ቀጥሎ ረዳት፣ ቀጥሎ ሹፌር ሆነ። መጨረሻ ላይ ከአንድ ባለ እርሻ አንዲት የድሮ እንግሊዝ ሠራሽ መኪና ገዛ። ሲገዛትም አርጅታ ነበር። ሱዳኖቹ «ሐቡባ» አሏት፤ አያት እንደ ማለት ነው። በሐቡባ ከድንበሩ ከተማ ከገላባት የቀን ሠራተኛ እየጫነ ወደ ቁረይሻና ወደ ፋሽጋ የሰሊጥ እርሻ ያደርስ ነበር። ምጥ የያዛትንም፣ እባብ የነደፈውንም ወደ ሐኪም ቤት ያመጣ ነበር።

የገዳሪፍ ጭቃ ጥቁር ነው። ከያዘ አይለቅም፤ ጎማም፣ ጫማም፣ ትዳርም ይዞ ሲያስቀር አይቻለሁ። ስለዚህ ወንድም ጋሼ በየዓመቱ ኸሪፉ፣ ማለት ክረምቱ፣ ከመግባቱ በፊት ቅጥራን አፍልቶ፣ ከተቃጠለ የሞተር ዘይት ጋር ደባልቆ የሐቡባን ሆድ ይቀባ ነበር። በላዩ ላይ በላዩ ላይ፣ ስንት ዓመት! ሥሯን ያየ ሰው መኪና ሳይሆን የምድጃ ጣሪያ ያየ ይመስለዋል።

ባለፈው ዓመት የሰሊጥ አጨዳ ባለቀ ሰሞን፣ አሥራ አንድ ሠራተኛ ጭኖ ሲመለስ ደም ግፊቱ ጣለው። ሠራተኞቹ እንደነገሩን መንገድ ዳር ቀስ ብሎ አቁሞ፣ ሞተር አጥፍቶ፣ የእጅ ፍሬኑን ስቦ፣ ከዚያ ነው መሪው ላይ የተደፋው። ከመውደቁ በፊት ሥራውን ጨርሶ የወደቀ ሰው እሱን ብቻ ነው የማውቀው።

ቀኝ ጎኑ ሰነፈ። ምላሱም ተያዘች። ከነበረው ቃል ሁሉ አንድ ብቻ ቀረለት፤ «ተው»። ሲርበው «ተው»፣ ሲጠግብ «ተው»፣ ዝንብ ሲያስቸግረው «ተው»። ለሚስቱም «ተው» ነው፤ «ተዪ» አይላትም። የንስሐ አባቱ ሊጠይቁት ሲመጡም «ተው» አላቸው እንጂ «ይተው» አላላቸውም። እሳቸውም «አንተ መባል ናፍቆኝ ነበር» ብለው ሳቁ፤ ከደጅ ሲወጡ ግን ዓይናቸውን በነጠላቸው ሲጠርጉ አይቻለሁ።

ሚስቱ ጥሩወርቅ ትባላለች፤ እኔ እትዬ ጥሩ እላታለሁ። እሷ ደግሞ «ሸጋው» ነው የምትለኝ። ሙሽራ ሆና ስትመጣ፣ በአገራችን ደንብ ለባሏ ዘመዶች የፍቅር ስም ስታወጣ፣ ከዘመድ የተረፍኩት እኔ ብቻ ስለነበርኩ ቆንጆው ስም ሁሉ ለእኔ ደረሰኝ። ያኔ አፍንጫዬ የማይደርቅ ልጅ ነበርኩ።

አንድ ቀን ሱቄ ድረስ መጣች።

«ሸጋው፣ ሐኪሞቹ እንደሆነ ያላቸውን ብለዋል። ከመተማ ወዲያ ያለው ጸበል ላስገባው ነው። በአውቶብስ ገላባት እንወርዳለን፤ ድልድዩን በቃሬዛ እናሻግረዋለን፤ ማዶ መኪና እንይዛለን።»

«ወንድም ጋሼን በሰው አውቶብስ?» አልኳት።

«ታዲያ በማን አውቶብስ ልትወስደው ነው?»

«በሐቡባ! አስነሥቼ፣ አሳምሬ፣ ከፊት ወንበር አስቀምጬ። አገር ምድሩን ሲጭን የኖረ ሰው ዛሬ እንደ ጆንያ ይጫናል? ሁለት ሳምንት ስጪኝ።»

«ማን ሊነዳት?»

እውነት ነው፣ እኔ መንዳት አልችልም። «ሹፌር መቼ ጠፋ!» አልኳት።

አብረን ቤት ሄደን ለወንድሜ ነገርነው። እሱ ከኒም ዛፉ ሥር በገመድ አልጋው ላይ ተኝቶ ነበር። ሐቡባም ከእሱ አሥር እርምጃ ርቃ ቆማለች። እሱ እሷን፣ እሷ እሱን ሲተያዩ ነው የሚውሉት።

«ተው» አለኝ።

«አየሽ፣ ደስ ብሎታል» አልኳት እትዬ ጥሩን።

ሥራውን የሚያውቅ ሰው አማክሬያለሁ፤ ያን ያህል ሞኝ አይደለሁም። ከደጃችን ፊት ለፊት ኡስታ ባቢከር የሚባሉ ሱዳናዊ ሽማግሌ አሉ። አርባ ዓመት መካኒክ ነበሩ፤ አሁን ዓይናቸው ስለደከመ ብረትን በጣታቸው ነው የሚያነቡት። ከእኛ ጋር ስለኖሩ አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል፤ ሲናደዱ ብቻ ወደ ዓረብኛ ይሄዳሉ። ሞተሩን አስነሡትና አዳምጠው «ጤነኛ ነው» አሉ። የተሰበረው የኋላ ባሌስትራዋ፣ ጭነቱን የሚችለው የተደራረበ ብረት፣ ነው። እሱን ለመቀየር ደግሞ ብሎኖቹ መፈታት አለባቸው። ብሎኖቹ የት ናቸው? ከቅጥራኑ ውስጥ።

«እንግዲያው ቅጥራኑን በሙሉ አወጣዋለሁ» አልኩ። ልብስ ሰፊ ነኛ! ውስጡ ያልታየ ልብስ ተጠገነ አይባልም።

«በሙሉ?» አሉኝ።

«በሙሉ።»

የሐቡባን ሆድ በምርኩዛቸው ነካ ነካ አደረጉ። «ማሌሽ» አሉ መጨረሻ ላይ፤ ምንም አይደል እንደ ማለት። «አንተ ታውቃለህ።»

እኔ አውቃለሁ! በዕድሜዬ እንዲህ ያለኝ ሰው ስለሌለ ደስ ብሎኝ ገባሁ።

ቅጥራን ጠዋት ድንጋይ ነው፤ ቀትር ላይ ሙጫ ነው። ድንጋይ ሳለ በመሮ ስትመታው ተሰባብሮ ዓይንህ ውስጥ ይገባል። ሙጫ ሲሆን መሮውን ይዞ ያስቀርብሃል። በመካከል አንድ ሰዓት ያህል ልክ እንደ ቆዳ ተልጦ የሚመጣበት ጊዜ አለ፤ እኔ ግን ያን ሰዓት ብዙውን ጊዜ ዓይኔን ስታጠብ ነው የማሳልፈው። ጀርባዬ መሬት ላይ፣ አፍንጫዬ ሐቡባ ሆድ ላይ፣ እንደ ተገለበጠ ኤሊ እየተንፏቀቅሁ ስውል፣ ከአልጋው «ተው! ተው!» ይላል ወንድሜ። «አይዞህ፣ አልደከመኝም!» እለዋለሁ።

ከቅጥራኑ ውስጥ ብዙ ነገር ይወጣል። የሰሊጥ አገዳ፣ የዶሮ ላባ፣ የፍየል ጠጉር። ያገኘሁትን ሁሉ እየወሰድኩ አሳየው ነበር። አንድ ቀን የሕፃን የላስቲክ ጫማ ማሰሪያ ወጣ። ሰማያዊ ነው። መዳፉ ላይ ሳስቀምጥለት ትኩር ብሎ አየውና ዓይኑን ጨፈነ።

«የማን ነው ወንድም ጋሼ?»

«ተው» አለ በጣም ቀስ ብሎ።

ያን ቀን ብቻ ተውኩ። የማን እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከዚያ ወደ ብሎኖቹ ደረስኩ። የመጀመሪያውን ብሎን ሁለት ቀን ታገልኩት። ቁልፉን አስገብቼ፣ እግሬን ጎማው ላይ ተክዬ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ ንቅንቅ የለም። ወንድሜ ሁለቱንም ቀን «ተው» ሲል ውሎ ድምፁ ዘጋ። በሦስተኛው ቀን ኡስታ ባቢከር መጡ፤ ጎንበስ ብለው እጃቸውን አሾልከው እጄንም ቁልፉንም ዳሰሱ።

«ያ ዞል!» አሉ። «አንተ ሰውዬ፣ እያጠበቅኸው ነው እኮ!»

ለካ በጀርባ ሲተኙ ቀኝና ግራ ይዞራል። ከእኔ ዕድሜ በላይ ጠብቆ የኖረውን ብሎን ሁለት ቀን ሙሉ ሳጠብቀው ከርሜያለሁ። ወደ ወንድሜ ዞርኩ። በዚያ በሚሠራው ግማሽ ፊቱ እያየኝ ነው። ቁጣ ይሁን ሳቅ ግማሽ ፊት አይናገርም።

ኡስታ ባቢከር መከሩኝ። «ናፍጣ አጠጣውና ተወው። በራሐ፣ በራሐ። ብረት ቀስ የሚለውን ይወዳል።» ናፍጣ አጠጣሁት። ሦስት ቀን ቆይቼ መለስ ብዬ፣ ቁልፉ ላይ የውሃ ቧንቧ ሰክቼ አስረዝሜ፣ በሙሉ ክብደቴ ተንጠለጠልኩበት። ቀጭ! አለ። ተፈታ ብዬ እልል ልል ስል ቧንቧው ግንባሬን አገኘው። ብሎኑ አንገቱን ቆርጦ ሰጠኝ እንጂ ገላውን አልሰጠኝም። ከአራቱ ብሎኖች ሦስቱ እንዲሁ አንገታቸውን ሰጡኝ።

በእነዚህ ቀናት ሁሉ እትዬ ጥሩ አትጨቀጭቀኝም። ጠዋት ሻይ ይዛልኝ ትመጣና ብርጭቆውን ከጎማው አጠገብ አስቀምጣ፣ «ሸጋው፣ አውቶብሱ ዛሬም ሄደ» ትለኛለች። በቃ፣ ይችን ብቻ። «ይሂድ፣ የእኛው ይበልጣል» እላታለሁ ከሥር ሆኜ። ሁለቱ ሳምንት አለቀ። ወሩም አለቀ።

አራተኛውን ብሎን በእሳት ላላላው ብዬ አሰብኩ። የጋለ ብረት ይለቃል ሲሉ ሰምቻለሁ። ከበያጅ ጎረቤታችን እሳቱን ተውሼ ገባሁ። ብረት የሚለቅበት ሙቀት ቅጥራንም የሚለቅበት ሙቀት መሆኑን ግን የነገረኝ አልነበረም። መጀመሪያ አንድ ጠብታ ጆሮዬ ላይ አረፈ። ከዚያ የተቀረው ፀጉሬ ላይ ወረደ፤ ላይ ያለውም ተቀጣጠለ። ወንድሜ «ተውተውተውተው!» ሲል እትዬ ጥሩ ከጓዳ ወጥታ አየችና አንድ ጅርካን የልብስ እጣቢ በእኔም በእሳቱም ላይ ደፋችብን። ሁለታችንም ጠፋን።

ከፀጉሬ ቅጥራኑ ሊወጣ ስላልቻለ በምላጭ ላጨችኝ። አንድም ሳታስቀር።

እንግዲህ በእኛ አገር ሰው ሙልጭ ብሎ ተላጭቶ ከታየ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። በማግሥቱ ገበያ ደርሼ ተመለስኩ፤ ከሰዓት በኋላ ጎረቤቱ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ። አጥሩን እንዳለፉ ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ። «ወይኔ አድማሱ! ወይኔ የደሀ መኪና!» እኔ እጄን እያወናጨፍኩ «ማንም አልሞተም፣ ቅጥራን ነው! ቅጥራን!» እላለሁ። አንዲት አሮጊት ከፊታቸው እንባቸውን እየጠረጉ «ቅጥራን የምትባል ዘመድ ነበረቻችሁ ልጄ?» አሉኝ። በዚህ መሐል ከኒም ዛፉ ሥር፣ በጎላ ድምፅ፣

«ተው!» አለ ሟች።

ለቅሶው ቀጥ አለ። ከታመመ ጀምሮ ያቺ ቃል በትክክለኛ ቦታዋ የዋለችው ያን ቀን ይመስለኝ ነበር። ሰው ሁሉ እየሳቀና እያፈረ ዞሮ ጨበጠው። እሱም በግራ እጁ አንድ በአንድ ጨበጣቸው፤ ደስ ብሎት ነበር። በቁሙ ተለቅሶለት፣ ማን ምን ያህል እንዳለቀሰ አይቶ ያረፈ ሰው እሱ ነው። ሲሄዱ ግን አሮጊቷ ወደ እኔ ጠጋ ብለው «ይህ ጥሩ ምልክት አይደለም» አሉኝ። አልሰማኋቸውም። የቀረኝ ትንሽ ቅጥራን ነበር።

በሁለተኛው ወር መጨረሻ ቅጥራኑ አለቀ። የመኪናዋ ሻንሲ፣ ያ አካሏን ሁሉ የተሸከመው ወፍራም ብረት፣ ተራቁቶ ወጣ። አየሁት። እዚህ ላይ ውሸት ልናገር አልፈልግም፤ አይቼዋለሁ። በመሐል ቦታው ላይ ብረት ሳይሆን ዝገት ነበር፤ ብርሃን ያሳልፋል። እንዲህ የሳሳ ጨርቅ ሱቄ ይዘው ሲመጡ በጣቴ ዳስሼ «ይህ መርፌ አይችልም፣ አታክስሩኝ» ብዬ ነው የምመልሰው። የሰው ጨርቅ እመልሳለሁ፤ የራሴን ሞኝነት ግን መመለስ አቃተኝ። ሁለት ወር የለፋሁበት ነገር ነዋ! «ባሌስትራው ሲገባ ይጠነክራል» አልኩ ለራሴ። ባሌስትራ ሻንሲ እንደማያጠነክር ልብስ ሰፊም ያውቃል።

ክሪኩን ከኋላዋ አስገብቼ ማንሣት ጀመርኩ። እግዜር ይመስገን፣ ያን ጊዜ ሥሯ አልነበርኩም። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ እንደረገጥኩት አንድ ድምፅ ሰማሁ። የብረት ድምፅ አይደለም፤ ደረቅ ዳቦ ሲቆረስ የሚሰማው ዓይነት ነው። ሐቡባ ከወገቧ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። አፍንጫዋና ጭራዋ ወደ ሰማይ ቀና አሉ፤ ሆዷ መሬት ነካ። አቧራው እስኪበርድ ቆሜ ቀረሁ።

«ተው» እስኪለኝ ጠበቅሁ። አላለም። ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ ነበር።

ኡስታ ባቢከር ድምፁን ሰምተው በምርኩዛቸው መጡ። የተሰበረውን ቦታ በጣታቸው ዳሰሱ፤ ዝገቱን በመዳፋቸው አሽተው አበነኑት።

«ይህማ ድሮ ያለቀ ነው» አሉ። «ከስድስት ዓመት በፊት ለአድማሱ ነግሬዋለሁ። 'አብቅቷል፣ አትጫንባት' አልኩት። 'ቅጥራን አወፍርበታለሁ፣ ለጥሩ እንዳትነግርብኝ' ብሎ አስማለኝ። ስድስት ዓመት ያቆማት ቅጥራኑ ነው።»

«ታዲያ ለእኔ ለምን አልነገሩኝም!» ብዬ ጮኽኩባቸው፤ ሽማግሌ ላይ።

«በሙሉ አልኩህ፣ በሙሉ አልከኝ። ወንድሙ ነህ፤ ነግሮሃል ብዬ ነዋ።»

ነግሮኛል። ሁለት ወር ሙሉ በየቀኑ ነግሮኛል። አንድ ቃል ብትቀረው እሷኑ ሳይታክት ሲነግረኝ ከረመ፤ እኔ እሷን ወደ ደስታ፣ ወደ ጭንቀት፣ ወደ ምርቃት ስተረጉም ከረምኩ። ትርጉም የማትፈልግ ቃል ነበረች።

እትዬ ጥሩ ወጥታ ሐቡባን አየቻት። ከጎማው አጠገብ የቀረውን የሻይ ብርጭቆ አነሣች። «ነገ በአውቶብስ እንሄዳለን» አልኳት። በማግሥቱ ማልጄ ወደ አውቶብሱ መቆሚያ ሄድኩ። ባዶ ነበር። በገላባት በኩል ድንበሩ ከትናንት ወዲያ ተዘግቷል አሉኝ። የተዘጋበትን ምክንያት ሦስት ሰዎች ሦስት ዓይነት አድርገው ነገሩኝ። መቼ እንደሚከፈት ስጠይቅ ግን መልሳቸው አንድ ሆነ፤ «ኢንሻላህ»።

በየጠዋቱ እየሄድኩ ጠየቅሁ። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት «ዛሬም አልሄደም» የምለው እኔ ሆንኩ፤ የምትሰማው እሷ።

ወንድም ጋሼ በሦስተኛው ሳምንት፣ ረፋድ ላይ፣ እትዬ ጥሩ ፊቱን እያጠበችው ሞተ። እኔ ሱቅ ነበርኩ። ጸበሉ ያድነው ነበር ወይ ብትሉኝ አላውቅም፤ ያን ፈጣሪ ያውቃል። መንገዱን ግን ያይ ነበር። ስንት ጊዜ የተመላለሰበትን ድልድይ አንዴ ተሸክመን እናሻግረው ነበር፤ ከማዶ የአገሩን አፈር ይረግጥ ነበር፣ ባይረግጥም ይሸተው ነበር። ያቺን ነው የወሰድኩበት።

ቀብሩ ላይ የማናውቃቸው ሹፌሮች ከየት ከየት መጡ። ሱዳኑም፣ ትግሬውም፣ የእኛም ሰው። እያንዳንዱ እጄን ይዞ «እግዚአብሔር ያጽናህ»፣ «አላህ ይርሐሞ» ይለኛል። እጄ ግን ጥቁር ነበር። በጥፍሬ ሥር፣ በጣቴ መታጠፊያ፣ በመዳፌ መሥመር ሁሉ ቅጥራን ገብቶ አልወጣም። የጨበጠኝ ሁሉ ዝቅ ብሎ እጄን ያይና ያልፋል። ሹፌሮች ናቸው፤ የምን እንደሆነ ያውቁታል። «ጎበዝ፣ የወንድሙን መኪና ሲሠራለት ነበር» ያለ አንድ ሰው ሰምቼ መሬት ብትውጠኝ ተመኘሁ።

በሠልስቱ ማግሥት፣ ለቀስተኛው ሲያልቅ፣ ከቤቱ ጀርባ ሄጄ ቁጭ ብዬ እጄን በአሸዋና በሳሙና እፈገፍግ ጀመር። ቅጥራኑ አልለቅ አለ። ቆዳዬ ተልጦ ደም ወጣ፣ እኔ ግን አላቆምኩም። እትዬ ጥሩ በጥቁር ልብሷ መጥታ ከፊቴ ቆመች።

«በአሸዋ አይለቅም» አለች።

ወደ ቤት ገብታ የሰሊጥ ዘይት በሣህን ይዛ ተመለሰች። ከፊቴ በርጩማ ላይ ተቀመጠችና አንዱን እጄን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በጨርቅ እያጠቀሰች አንድ በአንድ ጣቴን ታሸው ጀመር። «እሱ ሁልጊዜ በዚህ ነበር የሚያስለቅቀው» አለች። ቅጥራኑ ቀስ እያለ ቀለጠ።

«እትዬ ጥሩ» አልኳት፤ «ስደቢኝ። እባክሽ አንድ ነገር በይኝ።»

ቀና አላለችም።

«እኔስ?» አለች። «አንተን ጥዬ አውቶብሱ ላይ ባወጣው ማን ይከለክለኝ ነበር? ቃሬዛ የሚይዝ ጎረቤት መቼ አጣሁ። ለመሄድ ሁለቴ ጓዜን ሸክፌ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ቀረሽ?»

«ከወደቀ ጀምሮ እሱ ራሱ የሚቆጣው ሰው አልነበረውም፤ ሁሉም ያዝንለታል። አንተ ያን መሮ ይዘህ ስትመጣ ከአልጋው ቀና ይላል። ያ በሽተኛ ጎኑ ሳይቀር የሚንቀሳቀስ ይመስለኝ ነበር። ልጅ ሆነህ እንዴት ይቆጣህ እንደነበር ታስታውሳለህ? እንደዚያ ነው ሲያደርግ የነበረው። እሱን እያየሁ፣ ነገ እንሄዳለን፣ ነገ እንሄዳለን ስል…» ጨርቁን ዘይቱ ውስጥ ነከረችው። ከአገጯ ላይ አንድ ጠብታ እንባ ሣህኑ ውስጥ ወደቀ።

እኔም ማልቀስ ጀመርኩ፤ የቀብሩ ዕለት እንቢ ያለኝ ለቅሶ ነው ያን ጊዜ የመጣው። እሷ ጣቶቼን ጨርሳ መዳፌን ገልብጣ አየችው፤ ንጹሕ ነበር። ዘይቱን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችልኝና ጭኗ ላይ ቦታ አበጀች።

«ያንኛውንም አምጣ» አለችኝ።